መጀመሪያ ወጥ ቤቱን አሳዩኝ

ደብረ ታቦር ብርድ ነው ሲሉኝ እንዲህ መስሎኝ ነው እንዴ! እኛ የይፋግ ሰዎች ሞቃት ሜዳ የለመድን ነን። ኤንትሬው የጭነት መኪና ላይ በጤፍ ኬሻ መሀል ተቀምጬ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አባዬ ጋቢያቸውን ከፍተው ውስጡ ሸጎጡኝ። የጉና ተራራ ብቅ ሲል ግን ብርዱንም ረሳሁት። ወላሂ፣ ሰማዩን ደግፎ የቆመ ነው የሚመስለው!

የመጣነው የጤና ረዳቶች ማሰልጠኛውን ልናይ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ተቀብለውኛል። ታዲያ እዚያ የሚማር ሰው እዚያው አድሮ፣ እዚያው በልቶ ነው። "እዚያው በልቶ" የምትለዋ ናት ጉዳችን። እኛ እስላሞች ነን። ክርስቲያን ያረደውን አንበላም፣ እነሱም የኛን አይበሉም፤ ይፋግ ላይ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይቀየምበትም። አባዬ "በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልልክም" አሉ። እምቢ ካሉ ደግሞ አለቀልኝ፤ አጎቴ ጀማል ባል አዘጋጅቶልኛል።

በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ማሩ ከቀበሌ ያወጣነውን የይለፍ ወረቀት ገለባብጠው አዩ።

"ሸማኔ ነዎት?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ጌታዬ ድሮ ቀረ! ጓድ ነው የሚባል።"

"እሺ ጓድ ጌታዬ" አሉ አባዬ። ሳቄን በሻሼ አፈንኩት።

የተቀበለችን አስተማሪ ሲስተር ፈንታነሽ ትባላለች። ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ሰዓቷን እጇ ላይ ሳይሆን ደረቷ ላይ ሰክታ! ስታልፍ ወንዶቹ ተማሪዎች ሳይቀሩ ብድግ ይሉላታል። ለሴት! አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"መኝታ ክፍሉን ላሳይዎት አባባ?"

"መጀመሪያ ወጥ ቤቱን አሳዩኝ።"

"አባት ሁሉ የልጁን አልጋ ነው የሚያይ!" ብላ ሳቀች፤ ግን ወሰደችን።

ድስቱ እኮ ጥጃ ያስተኛል! ወጥ ሠሪዋ እትዬ አበበች ቁመታቸውን የሚያህል ማማሰያ ይዘው ያማስላሉ። አባዬ ሰላም እንዳሉ በቀጥታ ጠየቁ።

"ከብቱን ማነው የሚያርደው?"

"የኛ ሰው ነዋ፣ በስመ አብ ብሎ!" አሉና ወዲያው ሻሼን አዩ። "ውይ፣ እስላሞች ናችሁ ለካ። ኧረ እኔስ አላታልላችሁም፤ ሽሮውም የሚሠራው በዚሁ በሥጋው ድስት ነው።"

"አላህ ይስጥሽ፣ እውነቱን ነገርሽኝ።" ወደኔ ዞሩ። "ሩቅያ፣ ነይ እንሂድ።"

እንባዬ መጣ። ሲስተር ግን "እዚህ ድረስ መጥታችሁማ ላቦራቶሪውን ሳታዩ አትሄዱም" ብላ ፊት ፊት መራችን።

ወለሉ ፊት ያሳያል! አባዬ መስጊድ እንደሚገባ ሰው በረባሷቸውን በሩ ላይ አወለቁ። ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ተጠቃቀሱ።

"አባባ ጫማዎን ያድርጉ፣ ይበርድዎታል" አለች ሲስተር።

"የጸዳ ቤት በጫማ አይገባም።"

ምን ላድርግ፣ እኔም አወለቅሁ።

ሲስተር መስኮቱ ጋ ማይክሮስኮፕ አስቀመጠች። "ትንሹን ነገር አተልቆ ያሳያል። ምን ማየት ይፈልጋሉ?"

አባዬ አሰብ አደረጉና ራሳቸው ከሸመኑት ጋቢ ጫፍ አንዲት ክር መዘዙ። ሲስተር ክሯን ከመስታወቱ ሥር አኖረችላቸው። አጎንብሰው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ።

"ሱብሐነላህ" አሉ በሹክሹክታ። "ገመድ ነው እኮ! አንዱ ባንዱ ላይ እንዴት እንደተጠመጠመ! ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ስነካው እንዲህ ነበር?"

"ደምም እንዲሁ ይታያል" አለች ሲስተር። "የወባን ተውሳክ በዚህ ነው የምናገኘው።"

"ወባን? በዓይን?"

ታናሽ ወንድሜን የቀበርነው በወባ ነው። አባዬ ቀና አላሉም፤ ድምፃቸው ግን ተለወጠ።

"እሷም ታየዋለች?"

"ከተማረች ታየዋለች።"

አባዬ እንዳጎነበሱ፣ "እህት ዓለም፣ እናንተ ክርስቲያኖች በዓመት ምን ያህሉን ነው የምትጾሙ?" አሏት።

ሲስተር ግራ ገባት። "ሁሉንም ለጾመ ከግማሽ ዓመት ይበልጣል። ምነው?"

"ያን ጊዜ ሽሮና ምስር ነዋ የምትበሉ?"

"ሌላ ምን አለ!"

"እንግዲያው በቀረው ጊዜ ደግሞ እሷ እንደናንተ በሽሮና በምስር ትጾማለች። ለብቻዋ የሚሆን ድስት እኔ አመጣለሁ። ያቺ ሴትዮ አትዋሽም፤ አደራዬን ለሷ እሰጣለሁ።"

"አባዬ!" ብዬ ጮህኩ።

"አትጩሂ፣ እያየሁ ነው።"

"እኔም ልይ እንጂ!"

"ቆይ ትንሽ።"

ተማሪዎቹ ተራ ይዘው ከኋላችን ተሰለፉ፤ አባዬ ወይ ፍንክች። በስንት ልመና ለቀቁልኝ። መጀመሪያ የታየኝ የራሴ ሽፋሽፍት ነበር። ከዚያ ግን ሲስተር "ምን ታየሽ?" ብትለኝ ቃል አጣሁ። እኔ! አባዬ ሳቁ፤ "ይቺ ልጅ ዝም ስትል ገና ዛሬ አየሁ" አሉ።