ትኬት ቆራጩ በግዙፉ አሻንጉሊት ውስጥ

ትኬት ቆራጩ ሃያ ስድስት ዓመት በአዳራሹ በር ላይ ሲቆም አንድም ትርዒት እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም። ፊቱ ወደ ደረጃው፣ ጀርባው ወደ መድረኩ ነበር። ቁመቱ የመብራት እንጨት ያክላል፤ ፊቱ ስለማይፈታ ሰፈርተኛው «ጋሽ ኮስታራ» ብሎታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ይህን ስም ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር።

ከብራዚል የመጡ አርቲስቶች አዳራሹን ለአራት ቀን ሲረከቡ የሚቆረጥ ትኬት ጠፋ። ዳንሱም፣ ሥዕሉም፣ ፊልሙም፣ ከበሮውም በነጻ ነው ተባለ።

«እርስዎ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ይቁሙና እንኳን ደህና መጣችሁ ይበሉ» አለው ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ።

ቆመ። የሚመጣ ግን የለም። አላፊ አግዳሚው ማስታወቂያውን ያነብና «በነጻ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፈገግ ብሎ ይሄዳል።

ቤትም ያው ነበር። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከደጅ አልፋ አታውቅም።

«እትዬ፣ ነገ ብቅ በይ እንጂ፤ ገንዘብ አይጠይቁም» አላት።

«ገንዘብ ካልጠየቁ ሌላ የሚጠይቁት አለ ማለት ነው» አለችው፣ ከምትሠራው ሹራብ ቀና ሳትል።

በማግስቱ እንግዶቹ፣ ሰው ካልመጣ እኛ እንሂድ ብለው ተነሡ። ከወረቀትና ከጨርቅ የተሠራ፣ ሦስት ሜትር የሚሆን አሻንጉሊት አላቸው፤ ሰው ከቀሚሱ ሥር ገብቶ በትከሻው ይሸከመዋል። ተሸካሚው ግን ሆዱን አሞት ተኝቷል። አሻንጉሊቱን የሠራችው ሴትዮ ግቢውን በዓይኗ ቃኘችና በቁመት የሚሆናት አንድ ሰው ብቻ አገኘች።

«ትከሻዎን ላየው ትላለች» አለው አስተርጓሚው።

«እኔ በር ጠባቂ ነኝ!»

«ማን ሊገባ ብለው ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ጎንበስ ብሎ ከአሻንጉሊቱ ቀሚስ ሥር ገባ።

ውስጡ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። የሚያየው አሻንጉሊቱ ሆድ ላይ ባለች ትንሽ መረብ ነው። ሴትዮዋ ከፊቱ የኋሊት እየተራመደች በእጇ ቀኝ ግራ ትለዋለች፤ ከኋላ ከበሮዎቹ ይከተላሉ። መጀመሪያ ዕቃ እንደሚያደርስ ሰው ነበር የሚሄደው። መታጠፊያው ጋ ከበሮው ሲፈጥን ግን ትከሻው ሳያማክረው መወዛወዝ ጀመረ። ረጃጅሞቹ የጨርቅ እጆች እየተወናጨፉ የሰው ኮፍያ ጣሉ። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ።

«ጋሽ ኮስታራ ዛሬ ከአዳራሹ በር የት ገባ? ይሄን ቢያይ እንኳ ጥርሱን ያሳየን ነበር» አለ ባለ ሱቁ።

«ጥርስ አለው እንዴ?» አለ ጫማ ሰፊው።

ጋሽ ኮስታራ የሚሉት እሱን ራሱን እንደሆነ የገባው ጥቂት ከሄደ በኋላ ነው። አልተቆጣም። እዚያው ቀሚስ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው ሳቀ።

በራሱ ቤት በኩል ሲያልፉ እህቱን በነጠላ ጫማ በር ላይ ቆማ አያት። ቆመና ከወገቡ እጥፍ ብሎ እጅ ነሣት።

«ምን ትገተርብኛለህ፣ ሂድ እንጂ!» አለችው። ወዲያው ምርኩዟን ይዛ ከከበሮዎቹ ኋላ ገባች። «ቀስ በሉ! ጉልበቴን ያመኛል!»

ሴትዮዋ ፍጠን ብላ ምልክት ሰጠችው። እሱ እርምጃውን አሳጠረ። ደጋግማ ብታሳየውም እንዳላየ ሆነ፤ ሰልፉም በእህቱ እግር ልክ እያዘገመ አዳራሹ ደረሰ። ሕዝቡ ገንዘብ የሚጠይቅ እንደሌለ ሲያይ ገብቶ ወንበሩን ሞላው። እሱም በላብ እንደ ራሰ ከእህቱ ኋላ ተቀምጦ ዳንሱን እስከ መጨረሻው አየ።

ቤት ሲገቡ «አሻንጉሊቱ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ» አላት።

«አንተ? ከመቼ ወዲህ ነው የምትጨፍረው?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ የአሻንጉሊቱ ማሰሪያ የላጠውን ትከሻ አየች። ቅባት አምጥታ ቀባችው።

«ነገ ከሥሩ ፎጣ አድርግበት» አለችው።

በማግስቱ ግን የታመመው ተሸካሚ ተሽሎት ሥራውን ተረከበ። ትኬት ቆራጩ ከእህቱ ጋር ሰልፉን ከከበሮዎቹ ኋላ ተከተለ።