ባንትይርጉ የተባለው ጂን

፩

ሸተተ።

፪

አንባቢዎቼ፣ አፍንጫችሁን ልቀቁና ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ማስተዋል የእርሾ ተመራማሪ ናት፤ ለዶክትሬቷ የያዘችው ሥራው ያልታወቀ አንድ ጂን (ዘረመል) ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ጂኑን ከእርሾው ታወጣለች፣ ከዚያ ምን እንደጎደለ ታያለች። ሠራተኛ አባርሮ ቢሮው ምን እንደሚሆን መጠበቅ በሉት።

፫

በዚህ ሙያ፣ የጂኑን ሥራ ያገኘ ስም ያወጣለታል። ማስተዋል ግን ልጁ ሳይወለድ ክርስትና አነሣችው። አማካሪዋን ደስ ይበላቸው ብላ፣ ያለ እሳቸው ፊርማ ምርቃት የለምና፣ በስማቸው «ባንትይርጉ» አለችው። ዶክተር ባንትይርጉ ለትምህርት ክፍሉ ሁሉ አወሩ።

ለሚስታቸውም።

ለአማታቸውም።

፬

ጂኑ ሲወጣ፦ የእርሾው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ጠፋ።

ሲመለስ፦ ሽታውም ተመለሰ።

ፕሮቲኑ ለብቻው ተጣርቶ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ፦ ግማቱን ራሱ ፈበረከው። የጎረቤት ላቦራቶሪ ሰዎች መስኮት ከፈቱ።

ጥርጥር የለም።

ወዮላት።

፭

ማስተዋል፦ ዶክተር፣ የባንትይርጉ ሥራ ታወቀ።

ዶክተር፦ እልል በይ እንጂ! ምን ይሠራል?

ማስተዋል፦ ሽታ... ያወጣል።

ዶክተር፦ የሽቶ?

ማስተዋል፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይገማል።

(ብልቃጡን አቀበለቻቸው። አሸተቱ።)

ዶክተር፦ «መዓዛ» ብለሽ ብትጽፊውስ?

ማስተዋል፦ ፈታኞቹም አፍንጫ አላቸው ዶክተር።

(ብልቃጡን መለሱላት።)

ዶክተር፦ ልጄ፣ የለፋሽው አንቺ፣ ስሙ የኔ! ነውር ነው። «ማስተዋል» በይው።

፮

እዚህ ላይ ማስተዋል በሆዷ የተናገረችው ነበር። አወጣሁት። ምን እንደጎደለ እዩ።


፯

ማስተዋል፦ ግን እኮ ዶክተር፣ ጂኑ የወጣበት እርሾ ከውጭ ካልመገብነው አያድግም። ሽታው የሚመጣው ለእርሾው ምግብ ሲያበስልለት ነው።

ዶክተር፦ እንዴ! የቤቱ ምሰሶ ነዋ! ይህን አስቀድመሽ አትናገሪም?

ማስተዋል፦ ታዲያ በማን ስም ልጻፈው?

ዶክተር፦ ቆይ፣ ላስብበት።

ጥናቷን ፈታኞች ፊት እስከምታቀርብበት የዲፌንስ ቀን ድረስ አሰቡ።

፰

ፊት ረድፍ ላይ የዶክተሩ ሚስት ተቀምጠዋል። ከጎናቸው፣ ከደብረ ማርቆስ የመጡት የማስተዋል እናት፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው። ከውጭ የተጋበዙት ፈታኝ ብልቃጡን ከፍተው ወዲያው ከደኑት።

ፈታኝ፦ ግሩም ሥራ ነው። ያለ እሱ መኖር አይቻልም፣ ከእሱም ጋር አንድ ቤት መቀመጥ መከራ ነው።

የዶክተሩ ሚስት በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፈታኝ፦ ስሙን ግን ክፍት ትተሽዋል። ማን ተባለ?

ማስተዋል አማካሪዋን አየች። አማካሪዋ ጣሪያውን አዩ። እናቷ ለእልልታ አፋቸውን አዘጋጁ። አንባቢዎቼ፣ ስሙን እናንተ አውጡለት።

ማስተዋል፦