የአበልጅ ሞተር

ሰው ለሌባ በሩን ይዘጋል፤ ለአበልጁስ ምኑን ይዘጋል?

የቢቸናው ይታገስ መኪናው ስትበላሽበት ሞጣ ድረስ አስጎትቶ ቁልፉን ለአበልጁ ለሀብተ ሥላሴ ሰጠ። ሀብተ ሥላሴ ስም ያለው መካኒክ ነው፤ የይታገስን ልጅ ክርስትና ያነሳውም እሱ ነው። አበልጅ የሠራውን መኪና ኮፈን ከፍቶ መፈተሽ ደግሞ ነውር ነው።

ይታገስ መኪናዋን ሊወስድ ሲመጣ፣ "ባለ ኢንጄክሽኑ ሞተርህ ተሰንጥቆ ቁራሌ ወሰደው" አለው ሀብተ ሥላሴ። "ባለ ካርቡሬተር አሮጌ ሞተር ገጥሜልሃለሁ። ውሸቴን ከሆነ ልጅህን ክርስትና ያነሳሁበት እጄ ይድረቅ!"

ይታገስን መሐላው አሳፈረው። "ኧረ ምን በወጣህ!" ብሎ፣ አመስግኖ ሄደ።

ያ የተረገመ ሞተር ግን ብርድ ባየ ቁጥር አልነሳም ይላል፤ ዳገት ላይ ያንቀዋል፤ የቤንዚኑ ሽታ ተሳፋሪ ያባርራል። ይታገስ ቢቸግረው መኪናዋን እያስነጠሳት ሞጣ ድረስ ነዳት።

ጋራዡ ውስጥ የሀብተ ሥላሴ የራሱ መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ሞተሯ ኮሽ ሳይል ይሠራል። ይታገስ ጠጋ ብሎ አየ። የሞተሩ የዘይት ክዳን ላይ፣ ይታገስ የራሱን መኪና የገዛ ዕለት በገዛ እጁ በነጭ ቀለም የሳላት መስቀል አለች።

"አበልጄ! እንዴት መጣህ?" አለ ሀብተ ሥላሴ ከኋላው። እጁ ዘይት ስለነካው ለሰላምታ ክንዱን ዘረጋለት። ይታገስ ክንዱን ትቶ መዳፉን ያዘና አገላብጦ አየው።

"አልደረቀም እኮ፣ አበልጄ!"