ተመስገን የሚባለው ሰው

እርጥብ አንሶላ የሞላውን ጋሪ መግፋት ሲጀምር ጉልበቱ ከዳው። ሚስቱ ከመተኮሻው ማሽን ማዶ ሆና አየችው፤ የጋሪውን ጠርዝ እንደያዘ፣ አንድ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑን አጥፍታ እስክትደርስ ተቆጣጣሪዋ ቀድማታለች።

“ተመስገን! ኦኬ?” አለች ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ።

“ተመስገን” አለ ባልየው፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ።

የልብስ ማጠቢያው ሠራተኛ ሁሉ ስሙ ተመስገን ይመስለዋል። እዚህ አገር የመጣ ሰሞን እንዴት ነህ ሲሉት “ተመስገን”፣ በልተሃል ሲሉት “ተመስገን”፣ ደከመህ ሲሉት “ተመስገን” እያለ ከረመ፤ በመጨረሻ ስሙ ነው ብለው ተገላገሉ። እናቱ ባወጣችለት ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት። መጀመሪያ የሰማች ቀን ከት ብላ ስቃ ነበር። አሁን አሁን ግን ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ደሟ ይፈላል።

ተነስቶ ጋሪውን ሊገፋ ሲል ክንዱን ያዘችው።

“ክሊኒክ እንሄዳለን።”

“ሄጄ የለም እንዴ? ደህና ነህ ብለውኛል እኮ።”

“ምን ብለሃቸው ነው ደህና ነህ የሚሉህ? እስቲ እኔም ልስማ።”

“አንቺ ደግሞ ስትጨቀጭቂ! ሥራው ይቆማል።”

“ይቁም።”

እንዲህ ቆርጣ የተነሳችው ጠዋት ባገኘችው መሐረብ የተነሳ ነው። መታጠቢያ ቤት ከቧንቧው ጀርባ ተደብቆ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ታጥቧል፣ ግን መሃሉ ላይ ቡናማ ጥላ ቀርቷል። የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የምትውል ሴት ይህ ጥላ አይጠፋትም። ደም ነው፤ ያውም በሙቅ ውሃ የታጠበ ደም። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ካልሆነ አይለቅም ብሎ ያስተማራት እሱ ራሱ ነበር። ያንን እስኪረሳ ድረስ ተጣድፎ ነው የደበቃት።

ክሊኒኩ ከማጠቢያው አጥር ጥግ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሐኪሙ እንቅልፍ ያልጠገበ ወጣት ነው። የጠረጴዛውን ስልክ ድምፅ ከፍ አድርጎ አስተርጓሚ ጠራ። የመጣችው የሴት ልጅ ድምፅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ለመሆኗ አነጋገሯ ያስታውቃል። አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከእናቷ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

“ዶክተሩ እንዴት ነዎት ይላል።”

“እግዚአብሔር ይመስገን።”

ልጅቷ ተረጎመች። ሚስትየው የአገሩን ቋንቋ በማታ ትምህርት እንደነገሩ ለምዳለችና የተባለው ገባት፤ “ደህና ነው፣ ፈጣሪን ያመሰግናል” ነው ያለችው።

“ሕመሙ ጨምሯል ወይ ይላል።”

“የኔማ ምን አላት፣ ስንት የባሰበት አለ። እሱ ያውቃል።”

“ከሌላው ሰው ያነሰ ነው” አለች ልጅቷ ለሐኪሙ። “እሱ ያውቃል” የሚለው ላይ ስትደርስ አመነታችና “ምክንያቱን ያውቀዋል” ብላ ጨረሰች።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና እጁን ወደ ማስታገሻው መደርደሪያ ሰደደ። ሚስትየው አሁን ገባት። እስከ ዛሬ እንዲህ ሲተረጎም ኖሯል ማለት ነው። ልጅቷ አልዋሸችም፣ እሱም አልዋሸም፣ ሐኪሙም የሰማውን ነው የጻፈው።

“ደም እንደሚያስመልስህ ንገረው” አለችው።

“የምን ደም?”

“መሐረቡን አይቼዋለሁ።”

አንገቱን ደፋ። “ማማረር አልችልም” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ማን ከለከለህ?”

“አንቺ አገር ቤት ቀርተሽ ቪዛሽን እምቢ እያሉ ሲመልሱት፣ ተንበርክኬ ተሳልኩ። እሷን አምጣልኝ እንጂ የፈለገው ቢደርስብኝ ሁለተኛ አላማርርም አልኩት። ይኸው መጣሽልኝ። ታዲያ ምን ብዬ አፌን ልክፈት?”

አንጀቷን በላው። እዚያው ላይ ደግሞ በጥፊ ልትመታው ፈለገች። እዚህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ልብ አይገኝም፤ እሁድም የሥራ ቀን ነው። የቀረችላቸው ጸሎት ጎረቤት ግድግዳ እንዳይደበድብ በሹክሹክታ የሚያደርሷት ናት። ስእለትህን እንዲህ አትያዘው፣ ሂድና ታከም የሚለው የንስሐ አባት አጠገቡ የለም። ለብቻው የተዋዋለውን ለብቻው ሲከፍል ኖሯል። የሚከፍለው ደግሞ ስለ እሷ ሲል ነው።

“ሃሎ? ይህንን ልተርጉመው?” አለች ልጅቷ በስልኩ።

“አትተርጉሚ” አለ ባልየው።

ሚስትየው እጇን ዘርግታ ስልኩን ዘጋችው።

“ምን ማድረግሽ ነው?”

“የተሳልከው አንተ ነህ። እኔ አልተሳልኩም።”

ወደ ሐኪሙ ዞራ መናገር ጀመረች። ደም እንደሚያስመልሰው፣ ሰገራው እንደጠቆረ፣ እህል ሆዱ ውስጥ እንደማይረጋ፣ ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ እንደበሳ፣ ሌሊት ትራስ ነክሶ እንደሚያድር፣ ያላትን ቃል ሁሉ አራገፈች። ባሏን አንዳንዴ “እሷ” ትለዋለች፣ የትናንቱን እንደ ነገ አድርጋ ታወራለች። ሐኪሙ ግን ገባው። ማስታገሻውን ወደ ቦታው መለሰና ሰውየውን አልጋው ላይ አስተኛው።

ሆዱን ሲጫነው በዚህ ጊዜ የሚያየው ስልኩን ሳይሆን ፊቱን ነበር። ባልየው ጥርሱን ነክሷል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የሐኪሙ ጣቶች አንድ ቦታ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ እዚያው ቆዩ። ከዚያ አምቡላንስ ጠራ።

“ለምን እስከ ዛሬ ዝም አላችሁ?” አላት።

ይህንን የምታስረዳበት ቃል በዚያ ቋንቋ አልነበራትም።

“ዘግይቷል?” አለችው በምላሹ።

“ሆስፒታል ይነግሯችኋል” አለና ዓይኑን ሰበረ።

ባልየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

“ቃሌን አፈረስሽብኝ። እሱ ቢቀየመኝስ?”

“በኔ ይቀየም” አለችው። እሷም ፈርታለች፤ የፈጣሪ ቅያሜ ግን የሐኪሙን ዓይን መስበር ያህል አላስፈራትም።

የአምቡላንሱ ሰዎች በቃሬዛ ይዘውት ሲወጡ ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰዓቷን አየች፣ እሱን አየች።

“ተመስገን! ኦኬ?”

አውራ ጣቱ እንደለመደው ከብርድ ልብሱ ስር ወጥቶ ወደ ላይ ተነሳ። ሚስቱ በጭብጧ ያዘችውና ቀስ ብላ ወደ ታች መለሰችው።

“አይደለም” አለቻት ተቆጣጣሪዋን፣ በአገሩ ቋንቋ።

እሱ ዞሮ አላያትም። እጁን ግን አልነጠቃትም።