ማንም ያልተቀመጠበት ሶፋ

ሰፈሩ ሁሉ ጭማሪ ይለዋል። እውነተኛ ስሙን እናቱም ረስታዋለች። ጭማሪ የተባለው አንድ ነገር አይቶ አንድ ነገር ብቻ አውርቶ ስለማያውቅ ነው። አንድ ድመት ካየ ሦስት ድመት ነው የሚያወራው፤ ሦስተኛዋም መነጽር ታደርጋለች። በዚያ ከተማ በሬ ወለደ ከተባለ፣ «መንታ ነው እንጂ» ብሎ የሚጨምረው እሱ ነው። እጁ ግን እንደ ምላሱ አይደለም። ሶፋ ሰሪ ነው፤ እሱ የመታው ምስማር አይነቃነቅም፣ እሱ የወጠረው ጨርቅ አይሸበሸብም። አንድ ሶፋ ብቻ ሲቀር።

ያ ሶፋ የሚገኘው አማቱ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ጭማሪና ሚስቱም የሚኖሩት እዚያው፣ ከወንዙ አራት ቤት ብቻ ርቆ በቆመው የአማቱ ቤት ነው። አማቱን ሰው እማማ ሚዛን ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእህል መደብር ሚዛን ላይ ቆመው መዝነዋል። አንድ ፍሬ ስንዴ ከጎደለ ገዢውን ከመንገድ ጠርተው የሚሰጡ፣ አንድ ፍሬ ከተረፈም ጠርተው የሚቀበሉ ሴት ናቸው። ጭማሪ ልጃቸውን ሊጠይቅ የመጣ ቀን ከእግር እስከ ራሱ ዓይተው፣ «ምላስህንማ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል፤ እስቲ እጅህን አሳየኝ» አሉት። ሄዶ ሶፋ ሠራላቸው፤ ባለ ሦስት መቀመጫ፣ ባለ አበባ ከፋይ።

ችግሩ ያኔ ኪሱ ውስጥ ከነፋስ በቀር ምንም አልነበረም። ስፖንጅ ከየት ይምጣ? ተጥሎ የተገኘ ባዶ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ፣ ባለ ሁለት ሊትሩን፣ እየለቀመ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ሶፋውን በሱ ሞላው። ከላዩ ጣት የማትሞላ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ላይ ከፋይ፣ ከከፋዩ ላይ ወፍራም ላስቲክ። ከዚያ እጁን አንስቶ ማለ። «ውስጡ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥጥ ነው፤ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ታዲያ ላስቲኩ እንዳይነሳ፣ ሰውም እንዳይቀመጥበት። ይሄ ጥጥ ሙቀት ከነካው ይታመማል።»

እማማ ሚዛን አመኑት። ልጃቸውን ሰጡት፣ ሶፋውንም ሳሎኑ መሐል አነገሡት። ሰባት ዓመት ማንም አልተቀመጠበትም። እንግዳ ሲመጣ ሶፋውን እያየ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ወፈር ያለ እንግዳ የደከመው መስሎ ወደ ሶፋው ጠጋ ያለ እንደሆነ ጭማሪ ዘሎ መሐል ይገባል፤ አንድ ቂጥ ካረፈበት ጠርሙሱ ሁሉ ቋቋቋ ብሎ ጉዱን ይዘረግፋላ!

ሰፈሩን ጎርፍ ከመምታቱ ሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ እማማ ሚዛን አንድ እግሯ ከላላ በርጩማ ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሶፋው ሁለት ክንድ ርቆ ተዘርግቶ ነበር። ሐኪም ቤት ጀሶ እስከ ጭናቸው ድረስ አሰሩላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጭማሪ ያንን ሶፋ ባየ ቁጥር እውነቱን ልናገር ይላል፤ አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው ሌላ ወሬ ነው።

በዚያ ክረምት ዝናቡ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን አላባራም። እንቁራሪቶች እንኳ «ኧረ ይብቃ» ብለው ጣራ ላይ ወጡ። በሃያኛው ቀን ጠዋት ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና፣ ከላይ ግድቡ ሞልቷል፣ የወንዝ ዳር ሰው ይውጣ እያለ ዞረ። ጭማሪ መቀሱን ኪሱ ውስጥ ከቶ ከሱቁ ወደ ቤት ሮጠ።

«እማማ፣ ውሃው እየመጣ ነው! ተነሱ እንውጣ!»

እማማ ሚዛን አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ሻይ እየጠጡ ነበር። ቀና ብለውም አላዩት። «ትናንት ምን ነበር የመጣው?»

«የትናንቱ ሌላ ነው።»

«አዞ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ወንበሩ አልበቃኝም ብሎ ከሾፌሩ ጋር ተጣላ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«እሱ እኮ ጨዋታ ነው!»

«ይሄም ጨዋታ ነው።»

«መኪናው ሲናገር አልሰሙም?»

«እሱ የሎተሪ መኪና ነው። ይልቅ ስኳር ጨምርልኝ።»

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት፤ ዳገቱ ላይ ካለው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትደውለው። «እማዬን አወጣሃት?»

«በሩ ላይ ደርሰናል» አለ፣ ስኳር እያማሰለ።

«እናቴ አንድ ነገር ብትሆን ዓይንህን እንዳላየው!» ብላ ዘጋችው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። መጀመሪያ ከበሩ ሥር እንደ ድመት ሹልክ ብሎ ገባና የጭማሪን ጫማ ነካ ነካ አደረገ። ቀጥሎ ባልዲውን አንስቶ በክፍሉ ዙሪያ አዟዟረው። እማማ ሚዛን ባልዲው አልጋቸው አጠገብ ሲያልፍ ዓይተው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አንተ፣ ይሄ ውሃ እኮ እውነቱን ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ!»

«አንተማ ምን ያላልከው አለ?»

ጭማሪ ሊያዝላቸው ጎንበስ አለ። እሱ ዓመቱን ሙሉ የተራበ መርፌ ነው የሚመስለው፤ እሳቸው ከነጀሷቸው ሁለት ጆንያ እህል ይመዝናሉ። አንድ እርምጃ ሄደ፣ በሁለተኛው ጉልበቱ ተቆለመመ፤ ተያይዘው ተመልሰው አልጋው ላይ ወደቁ። በመስኮት ተጣራ። ጎረቤቱ በጠዋት ወጥቷል፤ የመለሰለት ጎማ ላይ ቆሞ የሚንሳፈፍ አንድ አውራ ዶሮ ብቻ ነው። ውሃው ፍራሹን ነክቶ ጀሶው ሥር ደረሰ።  

«ልጄ» አሉ እማማ ሚዛን ቀስ ብለው፣ «አንተ ዋኝተህ ውጣ። እኔ ኖሬያለሁ።»

«እርስዎን ትቼ ልውጣና ልጅዎን ምን ልበላት?»

ይሄኔ ከሳሎን በኩል አንድ ነገር በሩን ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረገው፤ ልክ እንደ ጨዋ እንግዳ። ጭማሪ በሩን ሲስበው ሶፋው ነው! ከነላስቲኩ፣ ከነአበባው፣ ውሃው ላይ እንደ ዳክዬ ተንሳፍፎ በሩ ላይ ቆሟል። ሰባት ዓመት የደበቀው ጉድ ራሱ በእግሩ መጥቶ አንኳኳ።

የሶፋው ስፋት ከበሩ በሁለት ጣት እንደሚያንስ ጭማሪ ያውቃል፤ ራሱ ነው የለካው። በረዥሙ አዙሮ ጎትቶ አስገባና አልጋው ጎን አቆመው። «በሉ እማማ፣ ይውጡበት!»

እማማ ሚዛን ሶፋውን አዩ፣ እሱን አዩ። «ጥጥ ውሃ ከጠጣ ድንጋይ ነው። በጥጥ ልታሰምጠኝ ነው? እዚሁ አልጋዬ ላይ እሞታለሁ።»

ጭማሪ በዕድሜው ሙሉ እንዲህ የከበደ ነገር ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። «እማማ... ጥጥ የለውም። ውስጡ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው።»

«ምለህልኛል እኮ!»

«በውሸት ነው የማልኩት።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለህ?»

«አዎ፣ እሱም ጭምር።»

«አሁን ነው እንጂ የምትዋሸው!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በጥጡማ አትቀልድ። ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ።»

የፈሩት ይደርሳል። ተደብቆ የኖረውን እውነት እየለመነ ሊያሳይ ሆነ፤ የሚያምነውም ጠፋ። ውሃው ጭኑ ላይ ደርሷል። መቀሱን ከኪሱ አወጣና የሶፋውን ጎን፣ ላስቲኩንም ከፋዩንም፣ አንድ ላይ ቀደደው። አንድ ጠርሙስ ቡልቅ ብሎ ወጣና አልጋው ጠርዝ ላይ ሄዶ እማማ ሚዛን እጅ አጠገብ ቆመ። አነሱት። አገላበጡት። እንደ ልማዳቸው በመዳፋቸው መዘኑት።

«ስንት ነው?»

«ወደ አምስት መቶ...»

ዓይናቸውን ብቻ አነሱበት።

«ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት» አለ ጭማሪ።

«ከዚህች ጋር?»

«ከእሷ ጋር።»

«ይኸው! እውነት መናገር ትችላለህ ማለት ነው» አሉና እጃቸውን ዘረጉለት። «በል ደግፈኝ።»

ሲቀመጡበት ሶፋው ቋቋቋቋ ብሎ ሰባት ዓመት ያፈነውን ሁሉ ተናገረ። ጥቂት ጎበጥ አለ፣ ዋለለ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ተንሳፈፈ። እማማ ሚዛን ጀሷቸውን በመቀመጫው ርዝመት ዘርግተው፣ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ጃንጥላቸውን ከፈቱ። ጭማሪ ከኋላ እየገፋ፣ እግሩ ሲደርስ እየተራመደ፣ ሳይደርስ እየተንፈራገጠ፣ ወደ መንገዱ ወጡ። የሚሄዱት መንገዱ መጨረሻ ላይ ወዳለው ባለ ፎቅ ትምህርት ቤት ነው።

መንገዱ መንገድ መሆኑን ረስቷል። ድስት ከክዳኑ ተለያይቶ እየተፈላለገ ይሄዳል። የፀጉር አስተካካዩ ወንበር ደንበኛ ይዞ የተነሳ ይመስል እየተሽከረከረ አለፈ። እማማ ሚዛን ትንሽ ከሄዱ በኋላ በመቀመጫው ላይ ወዲያ ወዲህ አሉ።

«አንተ!»

«አቤት እማማ።»

«ይመቻል እኮ!»

ጭማሪ ራሱን ከመደገፊያው ጀርባ ደበቀ።

«እንዲህ የሚመች ነገር ከልክለህ ነው በዚያ በርጩማ የሰበርከኝ? ግድ የለም፣ ቆይ ብቻ፣ እግሬ መሬት ይርገጥ!»

ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ቀልዱ አለቀ። ከጎን ያለው መንገድ ከወንዙ በቀጥታ ነው የሚመጣው፤ ውሃው እየጮኸ ይወርዳል። ሶፋውን እንደ ገለባ ከታች ወዳለው ድልድይ አዞረው። የጭማሪ እግር መሬት አጣ። ይባስ ብሎ ያ በመቀስ የቀደደው ቀዳዳ ሰፋና ጠርሙሶቹ ቡልቅ፣ ቡልቅ እያሉ ይወጡ ጀመር።

«ሁለት!» አሉ እማማ ሚዛን። «ሦስት። አራት... አንተ፣ እያለቅን ነው!»

«ኧረ አይቁጠሩ እማማ! ልቤ ውልቅ አለ!»

«ካልቆጠርኩ በምን አውቃለሁ? ዘጠኝ። ዐሥር!»

ጭማሪ ቀዳዳውን በአንድ እጁ ሊደፍን ሲል ሶፋው ከሌላው እጁ ሊያመልጥ ሆነ። ሶፋውን ሲይዝ ጠርሙሱ ይወጣል። በአሥራ አምስተኛው የእማማ ሚዛን ወገን ማዘንበል ጀመረ። በአሥራ ሰባተኛው ውሃው ጀሷቸውን ላሰው። ያኔ አሮጊቷ ጃንጥላውን ለወንዙ ለቀቁለት፤ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው የምርኩዙን ቆልማማ ራስ የመብራት ምሰሶው ላይ ጣል አደረጉና ያዙ። እህል ያነሳ ክንድ ነው! ሶፋው ተንገጫግጮ ቆመ።

«ሻርፔን ከአንገቴ ላይ ፍታና ወትፍበት!» ብለው ጮኹ። «ዐሥራ ዘጠኝ ሆኗል። ሃያ ካለ አልምርህም!»

ፈታው፣ ጠቅልሎ ወተፈበት። ሃያ አላለም። ከዚያ እሳቸው ምርኩዛቸውን ከአንዱ ምሰሶ ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ሌላው ምሰሶ እያሻገሩ ሲስቡ፣ እሱ እየገፋ፣ ማዕዘኑን ዞሩ። እዚያ ውሃው ጭቅጭቁን ትቶ ተኛ። የጭማሪ እግር መሬት ነካ። እንደዚያን ቀን መሬትን ወዶት አያውቅም።

ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ አራት ሰዎች ወርደው እማማ ሚዛንን እንደ ሙሽራ ተሸክመው ወደ ፎቅ አወጧቸው። ሁሉም ወደ ላይ ሲያይ ሶፋውን የያዘው ሰው አልነበረም። ጭማሪ ዘወር ሲል፣ ሶፋው ሻርፑን እንደ ባንዲራ እያውለበለበ ቁልቁል ሲሄድ አየው። ሰባት ዓመት ደረቱ ላይ ተኝቶ ያስጨነቀው ነገር ባዶ ጠርሙስ ነበር፤ ይኸው ሄደ። ደረቱን ቀለል አለውና ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ ሲያልቅ ትንሽ አለቀሰ፣ እንደገና ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ሚስቱ ከዳገቱ ወርዳ፣ ከላይ በኩል ባለው በር ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ገባች። እናቷን ከጀሷቸው እስከ ሽበታቸው ዳሰሰቻቸው፤ ደህና ናቸው፣ ጀሶው ብቻ ጫፉ ረጥቧል። ከዚያ ባሏን አንገቱን ይዛ አነቀችው ይሁን አቀፈችው እስካሁን አይታወቅም።

«በምን አመጣሃት?»

«በሶፋው።»

ክፍሉ ሙሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ወንበሩን ጎርፍ የወሰደበት ፀጉር አስተካካይ ሆዱን ይዞ፣ «በሶፋ! ቀጥለህ በቁም ሳጥን በረርን በለና!» አለ። «የጥጥ ሶፋ ሲንሳፈፍ! ኧረ ጭማሪ፣ ለጎርፉ እንኳ እዘንለት!»

ጭማሪ ማለ፣ ተገዘተ። ባለ ብዙ ወሬው ሰው በዕድሜው አንዴ እውነት ቢያወራ ሰሚ አጣ። በመጨረሻ ሁሉም ፊቱን ወደ እማማ ሚዛን አዞረ፤ እሳቸው ያሉት ተመዝኗልና።

እማማ ሚዛን እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው፣ የተሰጣቸውን ሻይ ፉት አሉ።

«ጥጥ የለውም» አሉ። «ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ ነበር። አንዱ ቤት ውስጥ፣ ዐሥራ ስምንቱ መንገድ ላይ ወጣ። በመቶ ዘጠና ሦስት ነው የደረስነው።»

 ፀጉር አስተካካዩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች፤ «ጠርሙስ?» ስትል ጭማሪ ጣራውን ማየት ጀመረ።

«ታዲያ» አሉ እማማ ሚዛን፣ ሻያቸውን አስቀምጠው፣ «ማዕዘኑ ላይ ያ አዞ ከኋላ ባይገፋን ኖሮ አልቀን ነበር።»

«አዞ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አዞ። ልናሳፍረውም ነበር፣ ወንበሩ አልበቃኝም ብሎ ተቆጥቶ ሄደ እንጂ።»

ማንም አልሳቀም። ሰዎች በመስኮቱ በኩል አንገታቸውን አስግገው አዞ ይፈልጉ ጀመር። ጭማሪ ጎንበስ ብሎ ጆሯቸው ሥር፣ «እማማ፣ ምን ነካዎት?» አለ።

«ዝም በል» አሉት እሳቸውም በሹክሹክታ። «አዲስ ሶፋ ትሠራልኛለህ፤ በጠርሙስ። ላስቲክ ግን እንዳታለብሰው።»