ጠመኔ ያረፈበት በር

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወለል በፍራሽ ተሸፍኗል። ፍራሾቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፈው፣ በየራስጌያቸው የታጠፈ ብርድ ልብስ ተቀምጦላቸው፣ ሰው ይጠብቃሉ። ሰው ግን እምብዛም የለም። ጥግ ላይ ጥቂት ቤተሰቦች ጓዛቸውን ታቅፈው ተኮልኩለዋል፤ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን ሳያወልቁ ጋደም ብለው ጣሪያውን ያያሉ። የማዘጋጃ ቤቱ የአደጋ መከላከል ኃላፊ በሩ ላይ ቆማ ባዶውን ፍራሽ ስታይ፣ ድግስ ደግሳ እንግዳ የቀረባት ሴት መሰለች።

ሳይረኑን ያስጮኸችው እሷ ናት። ጠዋት የድልድዩ ዘበኛ ደውሎ ውኃው ቀዩን መስመር እንደነካ ሲነግራት፣ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ከንቲባው ቢሮ ነበር። ከንቲባው ከወንበራቸው ሳይነሱ በመስኮቱ ሰማዩን አዩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የሚዘንበው ላይ፣ ከተራራው ነው። እያሳሳቁ መውሰድ የውኃ ወጉ አይደል!

«የአደጋ ዕቅዱ ውሳኔው የማን ነው ይላል?» አሏት።

«የኔ።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ዕቅዱን ያወጣችው ራሷ ስለሆነች ተመልሳ የሳይረኑን ቁልፍ ተጫነች። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ዕለት ሁሉም እጁን አውጥቶ፣ አጨብጭቦ፣ ወደ ምሳው ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ዕቅዱና እሷ ብቻቸውን ቀሩ። የአደጋ መከላከል ክፍል የሚባለው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክና እሷ ነው። ምሳዋን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትበላለች፤ «እንብላ» የምትለው ሰው እንኳ የላትም።

አምናም አስጩኻው ነበር። አምና የታችኛው ሰፈር ሰው ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ፣ እየተጋፋ ወጣ። ወንዙ ግን ድልድዩ ሥር ሲያጉረመርም ውሎ ተመለሰ። ሰዉ ወደ ቤቱ ሲገባ ውኃ ያልደፈረውን ደጅ ሌባ ደፍሮት አገኘው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ወይዘሮ ሳይረን» ሆኖ ቀረ። ገበያ ስትወጣ ከኋላዋ አፉን ሞልቶ «ኡኡኡ» የሚል አይጠፋም። እሱንስ ስቃ ታልፈዋለች።

ስቃ የማታልፈው የወንድሟን ነገር ነው። ታላቅ ወንድሟ አናጢ ነው፤ ያን ቀን የአባታቸውን መላጊያና መጋዝ ሳይቀር ጠራርገው ወሰዱበት። ልታጽናናው ስትሄድ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «ጎርፉ አንቺ ነሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰላትም። እናትና አባት ካለፉ ቆይተዋል፤ በዚህ ዓለም የኔ የምትለው እሱን ብቻ ነው። ዛሬም ቁልፉን ስትጫን ያሰበችው ስለ እሱ ነበር። ወጥቶ ይሆን?

ወደ ቀትር ገደማ ጡረተኛዋ አዋላጅ እያነከሱ አዳራሹ ገቡ። በዕቅዱ መሠረት እያንዳንዱ መንገድ የራሱ በር አንኳኪ አለው። አንኳኪው በር ይመታል፤ ሰዎቹ ሲወጡለት በሩ ላይ በጠመኔ የኤክስ ምልክት ያደርጋል። ምልክት ያረፈበትን በር ሌላ ሰው አይነካውም፣ ባዶ ነውና። አዋላጇ የተመረጡት የመንገዱን ግማሽ ሕዝብ በገዛ እጃቸው ስለተቀበሉ ነው፤ እሳቸው መጥተው የማይከፈት በር የለም።

«ጨረስኩ ልጄ» አሉ። «የኔ መንገድ እስከ ታች ድረስ ምልክት አለበት።»

«ታዲያ ሰዎቹ የታሉ፣ እትዬ?»

«እዚህ አልመጡም እንዴ?»

«አንድም አላየሁ። ሲወጡ አይተዋቸዋል?»

አዋላጇ በመሀረባቸው ፊታቸውን ጠረጉ። «እኔማ ስደርስ ቀድሞ ምልክት ተደርጎበታል። ሌላ ሰው የላክሽ መሰለኝ። ጉልበቴንም ስላመመኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ።»

ማንንም አልላከችም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሰዎቹ ቤታቸውን ለሌባ ከማስረከብ በራቸው ላይ «የለንም» የሚለውን ምልክት አስምረው ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ማንም እንዳይጨቀጭቃቸው የተጠቀሙት ደግሞ እሷ ራሷ ባወጣችው ዘዴ ነው። መንገዱ የወንድሟ መንገድ ነበር።

የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ከሰፈሩ አናት ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ መኪና አይገባም፤ ጠባቡ መተላለፊያ በደረጃ በደረጃ እየወረደ ወንዙ አፍ ድረስ ይዘልቃል። ሾፌሩን መኪናው ዘንድ ትታ ከአዋላጇ ጋር ወረደች። ኮሽታ የለም። ሁሉም በር ላይ ምልክቱ አለ። የአንኳኪዎች ምልክት ብዙ ጊዜ ተጣድፎ የተጫረ ነው፤ እነዚህ ግን ቀጥ ያሉ፣ ልክ መሐላቸው ላይ የሚገናኙ መስመሮች ናቸው። ማስመሪያ ሳይዝ እንዲህ የሚያሰምር አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች።

የወንድሟ ደጅ ላይ ደረሰች። እንደ ምንም አንኳኳች። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የታፈነ ሳል ሰማች፤ ከልጅነቷ የምታውቀው ሳል ነው።

«ጋሼ» አለች ከበሩ ተጠግታ። «እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ። አትክፈትልኝ፣ ግዴለም። ውኃው ካልመጣ ነገ ቢሮዬ ድረስ መጥተህ ስደበኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተህ ስደበኝ። ለመሳደብም እኮ መኖር ያስፈልጋል።»

ልቧ ውስጥ አንድ ክፉ ሐሳብ ብልጭ አለ፦ ምነው ውኃው አንዴ በመጣ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት እንኳ፣ ይህ ሁሉ ሰው እውነቷን እንደነበር ባየ። ይህን ማሰቧን ስታውቅ ራሷን ፈራች። እንዲህ የሚያስመኝ ብቸኝነት ምን ዓይነት ነው?

«ወንዙ አፍ የሚኖሩትን የአልጋ ቁራኛ አሮጊት በርም አስምረሃል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምልክትህን ያየ ሁሉ እሳቸውንም አልፏቸዋል። ማን ሊያወጣቸው ነው?»

ሳሉ ቆመ። ጠበቀች። አንኳኪ አንድ በር ላይ እንዳይቆይ በዕቅዱ የጻፈችው ራሷ ናት፤ ስትጽፈው ከበሩ ጀርባ ያለው የእናት ልጅ ሊሆን እንደሚችል አላሰበችም።

«ሌላ በር አለብኝ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ የቀጣዩን ቤት በር በመዳፏ መታች።

አንኳኩታ ዝም ሲሏት ደግማ አንኳኳች፤ አዋላጇም ከውጭ በየስማቸው ጠሯቸው፣ ማን በየትኛው ወር እንደተወለደ ሳይቀር እያነሱ። በሮቹ አንድ በአንድ መከፈት ጀመሩ። «ደግሞ መጣሽ?» ያላት አለ። አንዲት ልብስ ሰፊ ወገቧን ይዛ፣ «ማሽኔን ትሸከሚልኛለሽ?» አለቻት። «እሸከማለሁ» ብላ እስከ መኪናው ተሸክማላት ተመለሰች። ሰዉ እያጉረመረመ ይወጣል። የወንድሟ በር ግን እንደተዘጋ ነው፤ ስትወርድም ስትወጣም ላለማየት አንገቷን ትሰብራለች።

የመጨረሻው በር የአሮጊቷ ነበር፤ ከወንዙ የሚለየው የአጥር ግንብ ብቻ ነው። ከግንቡ ማዶ ውኃው እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል።

«ልጄ፣ ተዪኝ» አሉ አሮጊቷ ከአልጋቸው። «ጎርፍ ከወሰደኝ ቢያንስ በእግርሽ ሂጂ አይለኝም።»

«እኔም አልልዎትም፣ እማማ።»

ወንበር ላይ አስቀምጠው በአንሶላ አሰሯቸው። ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት ሌላ ነገር ነው። አዋላጇ በአንድ በኩል ለማንሳት ሞክረው ጉልበታቸው ከዳቸው። ብቻዋን ወንበሩን አቅፋ ብድግ ስትል ወንበሩ አጋደለ።

የወንበሩ ሌላ ጫፍ ድንገት ቀለላት።

ወንድሟ ነው። ፊቷን አላየም፤ ዓይኑን ከአሮጊቷ እግር ላይ አልነቀለም። ጠመኔ አሁንም ጣቶቹ ላይ አለ።

«ታች በኩሉ ይከብዳል፤ ለኔ ተዪው» አላት። «አንቺ ከላይ ሁኚ።»

ቦታ ተለዋወጡ። ከላይ የያዘችው እሷ በመሆኗ ደረጃውን የምትወጣው የኋሊት ነው። የምትረግጠውን አታይም፤ የምታየው የአሮጊቷን ነጭ ፀጉር፣ የወንድሟን ግንባር፣ ከትከሻው በላይ ደግሞ የመተላለፊያውን ጫፍና ግንቡን ነው። እሱ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቷል።

«ደረጃ» አላት።

እግሯን አነሳች።

«ደረጃ።»

አሮጊቷ ወንበሩ ላይ ሆነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልያሉ። ከበስተታች አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ተሰማ። ወንድሟ ቀጥ አለ፤ ለመዞር ግን እጁ ወንበር ይዟል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት።

«መጣ?» አላት።

ከትከሻው በላይ ወደ ታች ተመለከተች። ከዚያ ዓይኗን መልሳ እሱ ላይ አሳረፈች።

«አንተ ደረጃውን ንገረኝ» አለችው።

ትንፋሹን ሳበ። «ደረጃ» አላት፤ እሷም ሳታይ እግሯን አነሳች።