በአንድ ሊትር ውስጥ የለም

ቫይረስ ሲገኝ ብቻ ቀና የሚለው የምርመራው መስመር እስከ ሠላሳ ስድስተኛው ዙር ድረስ እንደተኛ ቆየ። መርማሪዋ አገጯን በመዳፏ ደግፋ የኮምፒውተሩን ገጽ እያየች «ተኛ፣ ዝም ብለህ ተኛ» እያለች በልቧ ትለምነው ነበር። በሠላሳ ሰባተኛው ዙር ግን ቀና አለ። መጀመሪያ ያመነታ መሰለ፤ ከዚያ ማንንም ሳይፈራ ሽቅብ ወጣ።

ቫይረስ ነው። ጥቂት፣ እጅግ ጥቂት፤ ግን አለ።

ናሙናው የዛሬ አልነበረም። ከዘጠኝ ሳምንት በፊት አዲሱ ማጣሪያ ለሙከራ በተተከለ ጊዜ፣ ታክሞ ወደ ከተማው ከሚሄደው ውሃ አንድ ሺህ ሊትር አለፈበት። በማጣሪያው ላይ የቀረው ታጥቦ ከጣት በማትበልጥ ብልቃጥ ውስጥ ተጠራቀመና ለእንዲህ ያለው ናሙና የሚሆነው መመርመሪያ ኬሚካል እስኪመጣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀመጠ። ኬሚካሉ የመጣው ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት ብልቃጦቹን ስታወጣ አንደኛው ክዳን ላይ የተጻፈውን ቀን እንዳላየ ልታልፈው ሞክራ ነበር፤ እጇ እምቢ አለ። ሚጣ የታመመችበት ሳምንት ነበር።

ሚጣ የታናሽ እህቷ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ወሯ ነበር። ሁለት የታች ጥርሶች አብቅላ በእነሱ የአክስቷን ጣት ትነክስና ማንም ሳያጫውታት ራሷ ትስቅ ነበር። አስመለሳት፣ አስቀመጣት፣ በአራተኛው ቀን ሆስፒታል አልጋ ላይ ቀረች። ሐኪሞቹ የቫይረስ ተቅማጥ ነው አሉ፤ ከየት እንደመጣ ግን አላወቁም።

ከየት እንደመጣ የፈረደችው እናትየው ናት። ልጅቷ ከመታመሟ ጥቂት ቀናት ቀደም ብላ ለእህቷ ደውላ «እትዬ፣ የቧንቧውን ውሃ ለጡጦው ላፍላው እንዴ?» ብላ ጠይቃት ነበር። መርማሪዋም ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ እየሳቀች፣ «የኛ ውሃ ውስጥ ቫይረስ የለም! የመረመርኩት እኔ ነኝ። ጋዝሽን በከንቱ አትጨርሺ» አለቻት። እህትየው አመነች። ስላመነችም፣ ሚጣ ከተቀበረች በኋላ ነገሩ ግልጽ ሆነላት፤ ውሃው ንጹህ ከሆነ ያልጸዳው የእሷ እጅ ነው። ለቅሶ ላይ አንዲት ዘመድ «ጡጦውን በደንብ አላጠብሽው ይሆናላ» ብላት ነበር። እንዲህ ያለች ዘመድ ከየትኛውም ለቅሶ አትጠፋም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። መርማሪዋ ያንን የስልክ ሳቋን አሁንም ትሰማዋለች።

ውጤቱን ላለማመን ምክንያት ፈለገች። ጓንቷን ቀየረች፣ ጠረጴዛውን በበረኪና ወለወለች፣ በብልቃጡ የቀረውን ለሦስት ከፍላ ምርመራውን ደገመችው። ከጎናቸው ምንም የሌለበት ንጹህ ውሃ ለማመሳከሪያ አኖረች፤ እሱም ከተነሳ ጥፋቱ የእጇ ይሆናል። በሕይወቷ መሳሳትን እንዲህ አጥብቃ ተመኝታ አታውቅም። ማመሳከሪያው እንደተኛ ቀረ። ከሦስቱ ሁለቱ ተነሱ።

ወረቀቱን ይዛ ኃላፊው ዘንድ ገባች። የላቦራቶሪው ሰው ከጀርባቸው «ጋሽ ይሁን» ይላቸዋል፤ ስማቸው ሆኖ ሳይሆን፣ የሚቀርብላቸውን ሁሉ «ይሁን» ብለው ስለሚፈርሙ ነው። ዛሬ ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት።

«ይሄ እኮ የቫይረሱን ዘር ብቻ ነው የሚያሳየው» አሉ በመጨረሻ። «ክሎሪኑ የገደለው ይሁን፣ በሕይወት ያለ ይሁን አይናገርም። የእህትሽን ልጅ ከሌላ ቦታም ሊይዛት ይችላል። ከውሃው ነው ብትዪ፣ ውሃ አያነሳም።»

ሊቀልዱ አልነበረም። ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ ግን ሁለቱም ሰሙት፤ ማንም አልሳቀም።

«ጋሼ፣ እስከዛሬ የምንፈልገው በአንድ ሊትር ነው» አለች። «ይሄ የተገኘው ከሺህ ሊትር ነው። በአንዷ ሊትር ብናጣው ምን ይገርማል?»

«አልተገኘም ብለን ጻፍን። ውሸት አይደለም።»

«አልተገኘም ብለን አይደለም የጻፍነው።»

ከመደርደሪያው የዚያን ሳምንት መዝገብ አወረደች። የውጤቱ ዓምድ ጠባብ ነው። ደንቡ «አልተገኘም» እንዲባል ያዛል፤ እሷ ግን ሥራ በጀመረችበት ዓመት ቃሉ አልገባ ቢላት «የለም» ብላ ጻፈች። ሦስት ፊደል። ማንም አላረማትም። እጇ ለመደው፤ ከእጇ ወደ አፏ ተሻገረ፤ ከአፏ በስልክ ወደ እህቷ ጆሮ ገባ። ፈልጎ ማጣትና አለመኖር በዚያች ጠባብ ዓምድ ውስጥ አንድ ሆነው ዓመታት ኖሩ። ከገጹ ግርጌ በሰማያዊ ቀለም «ይሁን» የሚል ቃል ነበር፣ ከነፊርማው።

ኃላፊው ጣታቸውን ፊርማቸው ላይ አሳረፉ። «ሪፖርቱን ዛሬውኑ ወደ ላይ አቀርባለሁ፤ ጥፋቱ የኔም ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለእህትሽ መንገሩ ግን ምን ይፈይዳል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልጅቷን አይመልስላትም።»

«ልጅቷን አይመልስም» አለች። «እጇን ይመልስላት ይሆናል።»

በላቦራቶሪው ደንብ ስህተት አይፋቅም። የቀድሞው ቃል እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ ትክክሉ ከጎኑ ይጻፋል፤ ያረመውም ይፈርማል። መርማሪዋ መስመሩን አሰመረች፤ በጠባቡ ዓምድ ዳር ፊደሎቹን አጣብባ «በአንድ ሊትር አልተገኘም» ብላ ጻፈች። ለካስ ይገባ ነበር። ፈረመች፣ ነጩን ጋዋኗን ሰቀለችና ወጣች።

የእህቷ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የበረኪናው ሽታ ግን ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ ይቀበላል። በሩን የከፈተችላት እህቷ በሁለት ወር ውስጥ አጥንቷ ወጥቷል። እጆቿ እስከ ክርኗ ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል።

«እትዬ፣ ጫማሽን እዛው አውልቂ» አለቻት። «እጅሽን ታጠቢ። እስከ ስልሳ ቁጠሪ።»

መርማሪዋ ታጠበች፤ እስከ ስልሳም ቆጠረች። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ይንተከተካል። የሚጣ ጡጦዎች ተቀቅለውና ተደፍተው በመስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። ማንም ለማይጠጣባቸው ጡጦዎች ውሃ ሲፈላ ስታይ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ውሃው ውስጥ ነበረ» አለች።

እህትየው ዞር አለች።

«ያን ሳምንት። ጥቂት ነበር። የገደላት እሱ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ማንም አይችልም። ግን ነበረ። የለም ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«መርምሬዋለሁ አላልሽም?»

«በአንድ ሊትር ፈልጌ አጣሁት። አጣሁት ነበር ማለት የነበረብኝ።»

«ላፍላው ወይ ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

«ጋዝሽን አትጨርሺ አልሽኝ።»

«አዎ።»

እህትየው እጇን ዘርግታ ምድጃውን አጠፋችው። ሁለት ወር ሙሉ ያልተቋረጠው የውሃ ድምፅ ቀስ እያለ ሲቆም የቤቱ ባዶነት ተሰማ። እጆቿን ገልበጥ አድርጋ መዳፏን አየች፣ መልሳ ጀርባቸውን አየች።

«እጄ ንጹህ ነበር?»

«ንጹህ ነበር፣ የኔ እናት» አለች መርማሪዋ። ይህን የመረመረ መሣሪያ አልነበረም፤ ከዛሬ በኋላ ያለ ማስረጃ ቃል እንደማትሰጥ ለራሷ የማለችውም ከአንድ ሰዓት በፊት ነበር። ቢሆንም አለችው፤ ነገም አትመልሰውም።

ያኔ እህትየው አለቀሰች። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን፣ ከአንጀቷ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ። መርማሪዋ ልትይዛት ጎንበስ ስትል እጆቿን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«አትንኪኝ። ሂጂ፣ አንቺ!»

እህቷ አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «እትዬ» እንጂ በሌላ ጠርታት አታውቅም።

መርማሪዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ውስጥ ልቅሶው በረድ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ የቧንቧው ውሃ ሲወርድ ተሰማ። ሳታስበው መቁጠር ጀመረች። አስር፣ አስራ አምስት። ስልሳን ጠብቃ ትንፋሿን ያዘች። ሃያ ላይ ቧንቧው ተዘጋ።

ከዚያ የእግር ኮቴ ወደ በሩ መጣ፤ በሩ ሥር ቆመ። መርማሪዋ አልተነሳችም። ኮቴው ተመልሶ ሄደ። ቁልፉ ሲዞር አልሰማችም፤ አልተቆለፈም ለማለት ግን አልደፈረችም።